ታንኳው ሦስት ወር፣ ድልድዩ አራት መቶ ዓመት

ቀን 1፣ ሰኞ

ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። መስኮት ዳር ደረሰኝና ጣናን ከላይ አየሁት። ሐይቅ አይመስልም። ዳርቻው ከሰማዩ ጋር ይቀላቀላል። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥልቀቱ ግን ብዙ አይደለም፣ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ቢደርስ ነው።

ለምን እንደመጣሁ ልናገር። ሥራዬ ሰነድ ነው። የወረቀት ፋይል ስካን አደርጋለሁ፣ ስም እሰጠዋለሁ፣ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባለሁ፣ ሲስተም ሲቀየር ከአሮጌው ወደ አዲሱ አዛውራለሁ። 14 ዓመት ሆነኝ። ሥራ እንደጀመርኩ ከጓደኞቼ ጋር ሆነን የአንድ መሥሪያ ቤት የቆዩ የሠራተኛ ፋይሎችን ስካን አድርገን በሲዲ ገልብጠን ነበር። ወረቀቱ ቦታ ይዟል ተብሎ ተወገደ። ዓምና እነዚያን ሲዲዎች ክፈቱ ተባልን። ሲዲ የሚያነብ ኮምፒውተር ፍለጋ ብቻ ሁለት ቀን ፈጀብን። ከተገኘ በኋላም ብዙዎቹ አልከፈት አሉ። የሰው የቅጥር ደብዳቤ፣ የደረጃ እድገት፣ ፊርማና ማኅተም ሁሉ እዚያ ውስጥ ቀረ።

አንዲት እናት የሟች ባለቤታቸውን የአገልግሎት ማስረጃ ፈልገው ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። በሦስተኛው ቀን "እማማ፣ አልተገኘም" ያልኳቸው እኔ ነኝ። ምንም አልተናገሩም። ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ያ ቀን እስካሁን ከውስጤ አልወጣም።

ስለዚህ የአምስት ቀን ፈቃድ ሳገኝ መጀመሪያ የመጣልኝ ጣና ነው። እዚህ ገዳማት ውስጥ 600 ዓመት የቆየ የብራና መጽሐፍ ዛሬም ተገልጦ ይነበባል። እንዴት እንዲህ ሊሆን እንደቻለ በዓይኔ ማየት ፈለግሁ።

ከሰዓት በኋላ ባጃጅ ይዤ ከተማውን ዞርኩ። ሹፌሩ ወጣት ነው፣ ጨዋታ ያውቃል። አባቱ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር የሚሠሩት። "እኛ ሰፈር ሰዓት የሚታወቀው በሽፍት ነበር" አለኝ። "የሌሊት ሽፍት ሲወጣ እናቴ ቡና ትጥዳለች።" ፋብሪካው የተተከለው በ1950ዎቹ ነው፣ ገንዘቡም ጣሊያን ለወረራው ከከፈለችው ካሳ የመጣ ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። የፈሰሰ ደም ክፍያ እዚህ ሐይቅ ዳር መዘውር ሆኖ ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆነ። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ፖሊ ቴክኒኩ ተከፈተ። ዛሬም ሰው "ፖሊ" ብሎ ነው የሚጠራው፣ የመምህራን ኮሌጅ የነበረውን ደግሞ "ፔዳ"። ሁለቱ ኋላ ተዋሕደው ነው ዩኒቨርሲቲው የተመሠረተው። የከተማውን ፕላን የነደፈው ማክስ ጉተር የሚባል ጀርመናዊ ፕሮፌሰር ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ ዋና ከተማዋን ወደዚህ ለማዛወር አስበው እንደነበር ይነገራል፣ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ያለው ቤተ መንግሥታቸውም ከሩቅ ይታያል።

ባሕር ዳር የሥራ ከተማ ናት ብዬ አሰብኩ። ጎብኚ ስለ ገዳማቱና ስለ ቤተ መንግሥቱ ይጠይቃል። ልጁ ግን የሚያስታውሰው ሽፍት ነው።

ማምሻውን አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ በእግሬ ተሻገርኩ። በ2016 ዓ.ም. ነው የተመረቀው፣ ርዝመቱ 380 ሜትር ነው። ሰዉ ለመንሸራሸር ይወጣበታል። ሙሽሮች ፎቶ ይነሳሉ፣ ልጆች ስልካቸውን ዘርግተው ቪዲዮ ይቀርፃሉ። አጠገቡ አሮጌው ድልድይ አለ፣ ስንት ዘመን ጎጃምንና ጎንደርን ያገናኘው። ማንም ቆሞ አላየውም። እኔ ትንሽ ቆሜ አየሁት።

ቀን 2፣ ማክሰኞ

ጠዋት በሐይቁ ዳር እየሄድኩ ታንኳ የሚሠሩ አባትና ልጅ አገኘሁ። ጣና ዳር የሚኖረው የነገደ ወይጦ ሕዝብ ናቸው። የተቆረጠ ደንገል፣ ከውሃው ዳር የሚበቅለው ረጅም ቄጠማ፣ መሬት ላይ ተሰጥቷል። ሁለት ታንኳ ደግሞ ዛፍ ተደግፈው ቆመዋል፣ ውሃ የጠጣው እንዲደርቅ ነው። አባትየው ስድሳ ያለፋቸው ይመስለኛል። "እንዴት አደሩ አባቴ፣ ብቀመጥ ይከፋዎታል?" አልኳቸው። "ኧረ ተቀመጪ ልጄ፣ ምን ይከፋኛል" ብለው የደንገል እስር ሳቡልኝ።

ወደ ሦስት ሰዓት ያህል አየኋቸው። ደንገሉ በእስር በእስር ይታሰራል። እስሮቹ ጎን ለጎን ይሰፋሉ። ጫፉ ሲደርስ ወደ ላይ ይቀለበሳል፣ በገመድም ይወጠራል። ከውስጥ ሌላ የደንገል መደብ ይነጠፋል፣ ሰውና ጭነት ከእርጥቡ ወለል ከፍ እንዲል። መቅዘፊያው ረጅም ቀርከሃ ነው። ሚስማር የለ፣ ሙጫ የለ። ልጁ ያስራል፣ አባት በእግራቸው ረግጠው ያጠብቃሉ። አንዴ ልጁ ያሰረውን ነካ አድርገው "ፍታው" አሉት። ምን እንዳጠፋ አልነገሩትም። ልጁም አልጠየቀም። ፈታና እንደገና አሰረው።

"ስንት ጊዜ ይቆያል?" ብዬ ጠየቅሁ።

"ሦስት ወር ከቆየ ጠንካራ ነው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ሌላ ነዋ።" ጥያቄዬ ገርሟቸው ቀና ብለው አዩኝ።

ይህ መልስ ቀኑን ሙሉ ከእኔ ጋር ዋለ። ታንኳው በየሦስት ወሩ ስለሚበሰብስ በየሦስት ወሩ የሚሠራው ሰው ያስፈልጋል። በየሦስት ወሩ ስለሚሠራም ልጁ ከአባቱ እጅ ያየዋል፣ ይሳሳታል፣ ይፈታል፣ እንደገና ያስራል። ታንኳው ሃምሳ ዓመት የሚቆይ ቢሆን ኖሮ ይህ ልጅ አባቱ ሲያስሩ አንድ ጊዜ እንኳ ባላየ ነበር።

የጣና ደንገል አትላንቲክ ውቅያኖስ ድረስ የሄደበት ጊዜ አለ። በፈረንጆቹ 1969 ቶር ሄየርዳል የሚባል ኖርዌያዊ የጥንት ግብፃውያን በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ተነሳ። ደንገሉን ያስመጣው ከዚሁ ከጣና ነው፣ ጀልባውን ግን የሠሩለት ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሰዎች ናቸው። የጥንቱን የግብፅ ሥዕል እያዩ ሠሩት። ሥዕሉ ላይ ከጀልባው ጭራ ወደ መሐሉ የተወጠረ አንድ ገመድ ነበር። ለምን እንደሚያገለግል ስላልገባቸው ተዉት። ጀልባው ውቅያኖስ ላይ ሳለ ጭራው እየሰመጠ ሄደ፣ ባርባዶስ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸውም ጥለውት ለመውጣት ተገደዱ። በዓመቱ ገመዱ ገብቶበት፣ በደቡብ አሜሪካ የቲቲካካ ሐይቅ ሰዎች የተሠራው ሁለተኛው ጀልባ ባርባዶስ ደረሰ። ሥዕሉ ለሺህ ዓመታት ተቀምጦ ቆይቷል። ገመዱ ምን እንደሚሠራ የሚያውቀው ሰው ግን አልነበረም። አባትየው "ፍታው" ሲሉ ያየሁት ይህን ያስታወሰኝ ለዚህ ነው።

ታሪኩን ለልጁ ነገርኩት። "ጭራው መወጠር አለበት እኮ፣ አለበለዚያ ይወድቃል" አለኝ ወዲያው፣ ሥራውን ሳያቋርጥ።

ስለ ወይጦ ሳወራ አንድ ነገር መዝለል አልችልም። ታንኳውን የሚሠሩት፣ ሰፌዱንና ቅርጫቱን የሚሰፉት፣ ወፍጮ የሚሆን ድንጋይ የሚጠርቡት እነሱ ናቸው። ይህ ሁሉ ሙያ እያላቸው ጉማሬ ትበላላችሁ እየተባሉ ለብዙ ዘመን ተገፍተዋል፣ ማዕድ አብሯቸው የማይቆርስ ብዙ ነበር። የራሳቸው ቋንቋም ነበራቸው። ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው፣ ያን ቋንቋ የሚናገር ሰው የለም። አሁን ደግሞ የደንገሉ ቦታ እየጠበበ ነው። ከተማው እየሰፋ፣ እርሻው ወደ ውሃው እየወረደ፣ ደንገል ለመቁረጥ ሩቅ መሄድ ግድ ሆኗል። አባትየው ሲነግሩኝ ድምፃቸው አልተለወጠም። እኔን ግን አመመኝ። የሰው ሙያ እየኮሩበት ለፖስተር ፎቶ እያነሱ፣ ባለሙያውን መግፋት ትልቅ በደል ነው።

ወደ ወደቡ ስጠጋ ትልልቆቹ የብረት ጀልባዎች ቆመዋል። ጣናነሽ 2 የምትባለውም ከጅቡቲ ተነስታ በተሽከርካሪ ላይ ተጭና በየብስ ነው እዚህ የደረሰችው። አገር ጉድ ብሎ ነበር ያየው። አስቡት፣ አንዷ ጀልባ ተራራና በረሃ አቋርጣ ትመጣለች፣ አንዷ ደግሞ ከውሃው ዳር በቅላ እዚያው ትሠራለች።

ምሳ የዓሣ ጉላሽ በላሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ዓሣ አጥማጅ ከደምቢያ በኩል የመጣ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ የናይሎን መረብና ሞተር ጀልባ ወደ ጣና ሲገባ አባቱ ከመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች አንዱ ነበሩ። ያኔ ዓሣው ብዙ ነበር ይላል። ጣና ውስጥ ያሉት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ብዙዎቹ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ ናቸው። እንቁላላቸውን ለመጣል በክረምት ወደ ጉማራና ወደ ሌሎቹ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። መረብ የሚዘረጋው ደግሞ ልክ እዚያ፣ ወንዙ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አፍ ላይ ነው።

ሐይቁን ስለሚወርረው አረም፣ ስለ እምቦጭም አወራን። ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው፣ እነሱ አገር ሲገባ ግን ለከብት መኖ የሚሆን መስሏቸው ነበር። "ማሽን መጣልን፣ ደስ አለን" አለኝ። "አንድ ዕቃ ተበላሸበት። መለዋወጫው እስኪመጣ ወራት ቆመ። እኛ ግን ወገባችን እስኪቆረጥ በእጃችን ነቀልን።" ማሽኑን አልጠላውም። በእጅ ብቻ የሚቻል ነገር አይደለም፣ እሱም ይህን ያውቃል። የቆጨው ማሽኑን መፍታትና መግጠም ለአንድም ያገሩ ልጅ ሳያስተምሩት መምጣቱ ነው።

ቀን 3፣ ረቡዕ

ለዚህ ቀን ነው የመጣሁት።

ጠዋት በአንድ ሰዓት ተኩል ጀልባ ያዝኩ። ጎብኚ ስለቀነሰ ጀልባ ነጂዎቹ ቀኑን ሙሉ ወደብ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። የእኛ ነጂ ሂሳቡን በቴሌብር ተቀበለኝና ሞተሩን አስነሳ። ወደ ሐይቁ ገባ ወዳለችው ወደ ዘጌ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። መንገድ ላይ የክብራን ገብርኤልን ደሴት ገዳም አለፍን። ለሴት አይፈቀድም፣ ስለዚህ ከጀልባው ሆኜ ተሳለምኩ። ክብራን ውስጥ በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የተጻፈ፣ ሥዕል ያለበት ዝነኛ ወንጌል አለ። እኔ በአካል ላየው አልችልም። በፎቶ ግን አውቀዋለሁ፣ ሥዕሉን ስልኬ ላይ አስፍቼ የማርቆስን ጣቶች ሳይቀር አይቻለሁ። ሥራዬን ከልቤ የምወደው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ፎቶ ያነሳው ሰው ለእኔም በር ከፈተልኝ።

ዘጌ ስትወርዱ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ የቡናው ጥላ ነው። ጫካ ነው፣ ግን የሰው እጅ ያለበት ጫካ። በትውፊቱ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሲተክሉ ቡናና ጌሾ በቀለ። በሬ ጠምዶ ማረስም ከብት ማርባትም በዘጌ ክልክል ነው። ይህ ሥርዓት ስንት መቶ ዓመት ተጠብቆ ዛሬ ጣና ዙሪያው ሁሉ ሲመነጠር ዘጌ ደን ሆና ቀርታለች። በየደጁ ቡና ተሰጥቷል። አንዲት እናት ስኒ አቀረቡልኝ፣ አቦሉን ጠጥቼ ወጣሁ።

የዘጌዋ ገዳም ዑራ ኪዳነ ምሕረት ክብ ናት። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ሥዕሉ በሸማ ላይ ተሥሎ ነው ግድግዳው ላይ የተለጠፈው። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ብዙ ቆየሁ፣ ስለ ሥዕሉ ግን ብዙ አልጽፍም፣ ሄዶ ማየት ይሻላል።

ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁት አባ አንድ የብራና መጽሐፍ ይዘው ወጡ። ከማኅደሩ አወጡት። ገበታው እንጨት ነው፣ ከዳር ከዳሩ በእጅ ብዛት ወዝቶ ይብለጨለጫል። ሲገልጡት የብራናው ሽታ መጣ። ጥቁሩ ቀለም ጥቁር ነው፣ ቀዩ ቀይ ነው። የእመቤታችን ስም በመጣ ቁጥር በቀይ ተጽፏል። አባ ጣታቸውን ሳያስነኩ ከላይ እያሳዩ አንድ ገጽ አነበቡልኝ። ምንም መሣሪያ አላስፈለጋቸውም፣ ከመስኮት የገባው ብርሃን በቃቸው።

"አባ፣ ይህ እንዴት ይሠራል?" አልኳቸው። ልጅ ሳሉ ብራና ፋቂ አጎት ነበራቸው። የፍየሉ ቆዳ ይዘፈዘፋል፣ በእንጨት ላይ ይወጠራል፣ ሥጋውና ጠጉሩ ይፋቃል፣ ይደርቃል፣ እንደገና ይፋቃል። መስመሩ በወስፌ ይሰመራል፣ በቀለም አይደለም። ብርዑ ሸንበቆ ነው፣ ቀለሙ ውስጥ ጥላሸት ይገባል። ለአንድ ትልቅ መጽሐፍ ብዙ ፍየል ያልቃል፣ ቁም ጸሐፊውም ወራት ይቀመጥበታል። ሲጨርስ መጨረሻ ላይ ጸሎት ይለምናል፤ ለዘጸሐፎ ወለዘአጽሐፎ፣ ለዘአንበቦ ወለዘሰምዖ። የጻፈው፣ ያስጻፈው፣ ያነበበው፣ የሰማው ሁሉ ይታሰባሉ። ብዙ ጊዜም ስማቸው ይጻፋል።

እኔም የሲዲውን ነገር ነገርኳቸው። ለምን እንደነገርኳቸው አላውቅም፣ ነገሩ ከብዶኝ ነበር መሰለኝ። ሲዲ ምን እንደሆነ ያውቃሉ፣ የመዝሙር ሲዲ አይተዋል። እስከ መጨረሻ ሰሙኝና አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ።

"ስትገለብጡት የጠባቂው ስም ተጽፎበታል?"

አልተጻፈም። የፋይል ቁጥር ነበረው፣ ቀን ነበረው፣ የሳጥን ቁጥር ነበረው። ይህን ሲዲ በየዓመቱ እየከፈተ ይሠራል አይሠራም የሚል ሰው ግን ማንም አልተመደበም ነበር። እኔም "ሥራው አልቋል" ብዬ ፈርሜ ወጥቻለሁ።

አባ አልወቀሱኝም። ይህ መጽሐፍ በሳቸው ዕድሜ ስንት ጊዜ ፀሐይ ላይ እንደወጣ፣ ስንት ጊዜ ከብልና ከአይጥ እንደተጠበቀ ነገሩኝ። ከሳቸው በፊት ማን ይጠብቀው እንደነበር ያውቃሉ፣ ከዚያም በፊት የነበሩትን ያውቃሉ። ወደ ኋላ አምስት ስም ቆጠሩልኝ። የሚከተላቸውን ዲያቆንም ጠሩት፣ አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። ማኅደሩን እንዴት እንደሚዘጋ አሳዩት። እኔ የመጣሁት ብራና ጠንካራ ስለሆነ ነው የቆየው ብዬ ነበር። ብራናማ ይበላል፣ ይቃጠላል፣ ይሰረቃል።

በጀልባው ስመለስ ስለ ማይክሮፊልም አሰብኩ። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ መጨረሻ ኧርንስት ሐመርሽሚት የሚባል ጀርመናዊ ምሁር የጣናን ደሴቶች መጻሕፍት በማይክሮፊልም አነሳ። ትንሽ ቆይቶ በ1960ዎቹ በእኛ አቆጣጠር በመላው አገሪቱ ያሉትን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሳት ትልቅ ሥራ ተጀመረ። ከዚያ ፊልም ሺዎቹን አንድ በአንድ አንብበው ምን እንደሆኑ የመዘገቡልን ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በጥይት ተመትተው ከወገባቸው በታች መንቀሳቀስ ካቃታቸው በኋላ፣ በስደት አገር፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ነው ይህን የሠሩት። ፊልሙን ዛሬም የምንጠቀምበት ቁጭ ብሎ ያነበበው ሰው ስለነበረ ነው።

ቀን 4፣ ሐሙስ

ጢስ ዓባይ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከመንደሩ በእግር ወርደን የአላታን ድልድይ ተሻገርን። ሰው የፖርቹጋል ድልድይ ይለዋል። በ17ኛው መቶ ዘመን፣ በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ፣ በድንጋይና በኖራ የተገነባ ነው። ገበያ ቀን ስለነበር ከአህዮች ጋር ተጋፍተን አለፍን። አንድ አባት እህል የጫነች አህያቸውን "ሂጅ" እያሉ አለፉ። ድልድዩን ቀና ብለው አላዩትም። 400 ዓመት ሊሞላው ነው፣ ዛሬም ጤፍ ያሻግራል።

ታዲያ እዚያ ድልድይ ላይ ቆሜ የትናንት ወዲያውን ታንኳ አሰብኩ። እንዲህ ያለ የድንጋይ ቅስት በኖራ የሚያቆም ግንበኛ በአካባቢው አለ ወይ ብዬ አስጎብኚውን ጠየቅሁት። "እዚህ የለም" አለኝ። አንድ ጊዜ ተሠራ፣ ጸና፣ ስለዚህ ሁለተኛ የሚሠራው አላስፈለገም። ሙያው ከሠሪዎቹ ጋር ሄደ።  ይህ ድልድይ ቢሰነጠቅ ያገሩ ሰው ምን እንደሚያደርግ ግራ ይገባዋል። ታንኳው ቢሰነጠቅ ግን ያ ልጅ በሁለት ቀን ሌላ ይሠራል። የትኛው ነው የበለጠ የቆየ? ሌሊቱን ሙሉ አሰብኩበት፣ አሁንም እያሰብኩት ነው።

ፏፏቴው በድሮው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ የነበረው ነው። ቁመቱ 45 ሜትር ያህል ነው። በክረምት ገደሉን ሙሉ ይሸፍነዋል፣ ጥር ላይ ግን ውሃው ቀጠን ብሎ ነው የሚወርደው። የክረምቱን ያህል ጢስ ባይኖርም ፊቴን አረጠበኝ።

ከመንደሩ ሻይ ቤት አንድ ጡረተኛ አገኘሁ። አሮጌው የኃይል ማመንጫ ውስጥ ሠርተዋል። ጢስ ዓባይ አንድ በ1956 ዓ.ም. ነው ሥራ የጀመረው፣ 11.4 ሜጋ ዋት ያመነጭ ነበር፣ የባሕር ዳርን ጨርቃ ጨርቅ ያንቀሳቀሰውም እሱ ነው። የመጀመሪያው ቀን የባጃጅ ሹፌር የነገረኝ ሽፍት ከዚህ ገደል በወረደ ውሃ ነበር ማለት ነው። በ1988 ዓ.ም. ውሃው ከጣና የሚወጣበት ጨራጨራ ላይ መቆጣጠሪያ ግድብ ተሠራ፣ በ1993 ዓ.ም. ደግሞ ጢስ ዓባይ ሁለት ተጨመረ፣ 73 ሜጋ ዋት። ያኔ ውሃው ወደ ተርባይን ሲገባ ፏፏቴው ቀጠነ፣ ጎብኚን ተማምኖ የሚኖረው ሰውም አዘነ። በ2002 ዓ.ም. ጣና በለስ ሲመረቅ ሐይቁ ሌላ በር ተከፈተለት፤ ውሃው በምዕራብ በኩል ተራራ ውስጥ በተፈለፈለ ዋሻ አልፎ ወደ በለስ ይወርዳል፣ 460 ሜጋ ዋትም ይሰጣል። ታላቁ ሕዳሴ ግድብ ደግሞ 5,150 ነው። ጡረተኛው ይህን ቁጥር ሲሰሙ ፊታቸው በራ። "እኛ በ11 ጀምረን" አሉ፣ ከዚያ ዝም አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

ስለ ሥራቸው ጠየቅኋቸው። ተርባይኑን በድምፁ ነበር የሚያውቁት። የሚለካ መሣሪያ አለ፣ ግን ከመሣሪያው በፊት ጆሮ ይሰማል። "ተኝቼ እንኳ ድምፁ ከተለወጠ እነቃለሁ" አሉኝ። ለማን አስተማሩ? ለሁለት ልጆች። አንዱ ሕዳሴ ላይ ነው ያለው። ይህን ሲናገሩ ጠረጴዛውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ።

ቀን 5፣ ዓርብ

በረራዬ ከሰዓት በኋላ ነው። በጠዋት ተነስቼ ወደ ሐይቁ ዳር ሄድኩ። ማክሰኞ ሲታሰር ያየሁት ታንኳ ውሃ ላይ ነው። ልጁ ቆሞ እየቀዘፈ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ቀርከሃው በግራና በቀኝ ውሃውን ነካ ነካ ያደርገዋል። ጭራው ቀጥ ብሎ ቆሟል። አባትየው ዳር ሆነው ሌላ ደንገል ያሰጣሉ። እጃቸውን አነሱልኝ።

ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ለሥራ ባልደረባዬ ደወልኩ። እማማ ሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ የተዉት ስልክ ቁጥር መዝገቡ ላይ እንዳለ ጠየቅኋት። አለ። ሌላም ነገር ሌሊት ትዝ ብሎኛል። የሠራተኛ ፋይሉ ይወገድ እንጂ የሒሳብ ክፍሉ የደመወዝ ፔሮል አብሮ አልተወገደም ነበር። እዚያ ላይ የባለቤታቸው ስም በየወሩ፣ ከነፊርማቸው፣ ይኖራል። ባልደረባዬ ትንሽ ዝም ብላ "መጋዘን ውስጥ ነው፣ ከታች፣ ካርቶን ውስጥ" አለችኝ። ስንት ካርቶን እንደሆነ ጠየቅኋት። ብዙ ነው አለች።

ሰኞ በሁለት ሰዓት ቁልፉን ከጥበቃው እንቀበላለን። ጓንትና አቧራ መከላከያ ጭምብል ይዛ ትመጣለች። እኔ አዲስ ደብተር እገዛለሁ፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የሁለታችን ስም ይጻፋል።